ሁለቱ ትሪፖሊዎች

የቁስቋም ማርያም ዓመታዊ ንግሥ በሚውልበት ጠዋት፣ ታቦቱ ገና ሳይወጣ፣ ሸማኔው ዮፍታሔ ከሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ ሮሐ ነበረች። ዋዜማውን ቤተ ክርስቲያን አድራ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ እንዳገኘችው ለፖሊስ ተናገረች። የሰፈሩ ሰው የሰማው ጩኸቷን ነው።

ምክትል ኢንስፔክተር ሐመልማል ስትደርስ መሳይ ቀድሟት ነበር። መሳይ ሁልጊዜ ይቀድማታል። ከፖሊስ ኮሌጅ አብረው ወጡ፤ በውጤት እሷ ትበልጠው ነበር። አሁን እሱ ዋና ኢንስፔክተር ነው፣ እሷ ምክትል። ማዕረጉ የተሰጠው ዕለት አጨብጭባለታለች። ከዚያ ወዲህ ድምፁን በሰማች ቁጥር የኮሌጁን ውጤት በልቧ ታሰላለች። ቅናት መሆኑን ታውቃለች። ማወቋ ምንም አልጠቀማትም።

«ቀላል ነው» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «የሴት ጉዳይ። ስም ይዣለሁ።»

አልፋው ገባች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ መሸመኛ። ዮፍታሔ ሲሠራ እግሩን ከሚያወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ተኮራምቷል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ከመቀመጫው በስተጀርባ፣ ከግድግዳው መሠረት ወጣ ያለ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ደሙ ያለው እሱ ላይ ነው።

«ተገፍትሮ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ድንጋዩ መታው» አለ መሳይ።

«ወደ ኋላ የወደቀ ሰው ከፊቱ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ተንሸራተተ።»

«ደሙስ? አብሮት አልተንሸራተተም? ጠርዙ ንጹሕ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይተርፍሻል።»

ከመቀመጫው ጎን የተነጠፈውን ሰሌን ጫፉን ይዛ ገለበጠችው። ታችኛው ፊቱ ላይ የደረቀ ደም አለ፣ እንደ ሰሃን የሰፋ። አንድ ሰው ሬሳውን እዚያ አስተኝቶ፣ በኋላ ሰሌኑን ገልብጦታል። መሳይ በስልኩ ፎቶ አነሣው።

ድሩ ላይ ያላለቀ ነጠላ ተወጥሯል። ሐመልማል ጎንበስ ብላ አየችው። ከታች ያለው ክፍል ደህና ነው። ቀጥሎ ሦስት ጣት የሚያህል ቦታ ላልቷል፤ ክሩ አንዳንድ ቦታ ተንጠልጥሏል፣ ልጅ የተጫወተበት ይመስላል። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ክንድ የሚያህል ነው፣ ጥብቅና ልስልስ፣ ጥለቱ እንደ ተሰመረ ቀጥ ያለ። ደም የሚባል ነገር የለበትም።

«ምን ታያለሽ?» አላት።

«ምንም።»

አባቷ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ እንደ ነበር ጣቢያው ውስጥ የሚያውቅ የለም። የጠየቃት ስለሌለ ነው ትላለች ለራሷ። እውነቱን ለመናገር፣ ማንም እንዳይጠይቃት አድርጋ ነው የኖረች።

*

ወይዘሮ መሠረት ከዮፍታሔ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ።

«እስኪመሽ ድረስ ሲሠራ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «እሱ ማግ ሲመታ የኔ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይጨፍራል። ትናንት ከምሳ በኋላ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ሲጀምር ግን ማን ያቁመው። ለበዓሉ የታዘዘ ሥራ ቢኖርበት ነው ብዬ።»

«ሮሐስ የት ነበረች?»

«ሮሐማ ከቀትር በፊት ወደ ሽሮ ሜዳ ወርዳለች፣ ስትወጣ አይቻታለሁ። ማታ ቁስቋም ላይ ተገናኘን። ከእኔ ጥቂት ዘግይታ ነው የደረሰች፤ ከገበያ በቀጥታ መምጣቴ ነው አለችኝ። እስኪነጋ ከጎኔ ፈቀቅ አላለች። ምስኪን።»

«ሌላ ሰው አላዩም?»

ወይዘሮ መሠረት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ሰው አላማም።»

«አውቃለሁ እናቴ።»

«ግን ወደ ዋዜማው ልሄድ ስወጣ እንድርያስ በራቸውን ሲያንኳኳ ነበር። ጎሚስታ የሚሠራው። የሶሊያና ባል።»

«ሶሊያና ማናት?»

«ሌላኛዋ ትሪፖሊ ናታ።» ሐመልማል እንዳልገባት ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ለማያውቅ ሰው መንገር ይወዳሉ። «ስሙን ያወጡላቸው የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ዮፍታሔ የሊቢያው ትሪፖሊ ነው፣ ባሕር ሊሻገር ሄዶ የታሰረበት። ሶሊያና የሊባኖሷ ትሪፖሊ፣ ሰው ቤት የሠራችበት። ሁለት አገር፣ ሁለቱም ወደብ፣ ስማቸው ግን አንድ። እና እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ወሬያቸው አያልቅም። ሳቃቸውን በግድግዳው እሰማዋለሁ። እኛ እዚህ የቀረነው ምን እናውቃለን፣ ከቀበና ወንዝ የሰፋ ውኃ አይተን አናውቅ።»

«ሮሐ ምን ትል ነበር?»

«ሮሐ ምን ትላለች? እነሱ ሲያወሩ ለመወርወሪያው ክር ቀሰም ላይ ትጠቀልላለች።»

*

እንድርያስ የዚያኑ ቀን ታሰረ። የአስከሬኑ ምርመራ ሞቱን ከቀትር በኋላና ከእኩለ ሌሊት በፊት ባለው ጊዜ አደረገው። የቀረውን ያጠበበው የሽመናው ድምፅ ነው፤ ሲመሽ ዮፍታሔ ይሸምን ከነበረ፣ ሲመሽ በሕይወት ነበረ። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ የታየው እንድርያስ ብቻ ነው። ከሳምንት በፊት ደግሞ መንገድ ላይ የዮፍታሔን ኮሌታ ይዞ ሰው ነው የገላገላቸው።

ኮማንደር ያዕቆብ መሳይን ትከሻውን መታ አደረጉት። «አርብ መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይሂድ» አሉ። «ሰው በንግሥ ቀን ሞቶ ሰፈሩ እያየን ነው።»

ሐመልማል እንድርያስን ለማነጋገር ፈቃድ ጠየቀች። እጁ እስከ ክርኑ የጎማ ጥቁረት ያለበት፣ ግዙፍ ሰው ነው፤ ለጠረጴዛው በጣም ይበልጣል።

«ገድለኸዋል?»

«ፈልጌ ነበር።»

«የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።»

«እርስዎ እንኳ ጠየቁኝ። ያኛው ሰውዬ እንደ ገደልኩት ነግሮኝ ነው የወጣው።»

«እሺ፣ ንገረኛ።»

እጁን አየ። «ጠዋት ሶሊያና እሱ ቤት ገባች ብለው ነገሩኝ። ቀኑን ሙሉ ጎማ ስነቅልና ስተክል ዋልኩ። ሲመሽ አልቻልኩም፣ ሄድኩ። ሽመናው ይሰማል። አንኳኳሁ። ቆመ።»

«ምኑ?»

«ሽመናው። እኔ ሳንኳኳ ቆመ። ከዚያ ጸጥ። ከውስጥ ሰው ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀኝ እንደሆነ ታወቀኝ። ሶሊያና ናት ብዬ አሰብኩ፣ አፏን በእጁ ይዞላት።»

«ለምን ስሟን አልጠራህም?»

እንድርያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ጠርቻት ብትመልስልኝስ?»

ሐመልማል አመነችው። ከዚያ ደግሞ እምነቷን ተጠራጠረች። ሰውዬው ንጹሕ እንዲሆን የፈለገችው ንጹሕ ስለሆነ ነው ወይስ መሳይ ወንጀለኛ ስላለው? ቢሆንም አርብ ቅርብ ነው፣ ሰውዬውም በቅናቱ ካልሆነ በቀር በሌላ የሚከሰስበት ነገር አላየችበትም።

*

የሶሊያና ሱቅ ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ልብስ ከሚሸጥባቸው መደዳ ሱቆች አንዱ ነው። ከዮፍታሔና ከሌሎች ሸማኔዎች ገዝታ፣ አሰፍታ ትሸጣለች። ሐመልማል ስትገባ ሬዲዮኑን አጠፋች።

ሐመልማል አንድ ሐሳብ ይዛ ነው የመጣች። ያ የላላ ሦስት ጣት ሽመና የማያውቅ ሰው እጅ ነው። ሽመና የማያውቅ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ማግ የሚመታው ለምንድን ነው? ጎረቤት እንዲሰማ።

«ሽመና ትችያለሽ?»

ሶሊያና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሐዘን ላይ እንደሆነች ትዝ ብሏት አፏን ሸፈነች። «እኔ? አንዴ ብቻ ሞክሬያለሁ። የዚያኑ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሮሐ ከወጣች በኋላ። ክሩን ሁሉ አመሰቃቀልኩት። በኋላ ፈትቼ እሠራዋለሁ አለኝ።»

«ማን አስገባሽ?»

«ራሱ ነዋ። ልሞክር አልኩት፣ ተነሥቶ አስቀመጠኝ።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ። ምን ነው?»

የሐመልማል ጉንጭ ላይ የቆየ ጥፊ ጋለ። አባቷ ለወንድሟ ለዓምሃ ሽመና ሲያስተምር እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቀሰም ትጠቀልል ነበር። ሴት ከገባችበት ድሩ ይበጠሳል ይላል አባቷ። እሱ ወደ ገበያ ሲወጣ ትገባ ነበር፤ ባየችው ብቻ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ከዓምሃ የተሻለ ትሸምን ነበር። አንድ ቀን አባቷ ቶሎ ተመለሰ። ዓምሃ ዛሬ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ መወርወሪያ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። አባቷን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። እና ይህች ሴት ልሞክር ብላ ገባች፣ አመሰቃቅላ፣ ስቃ ወጣች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበርኩ፣ ማታም ከጎን ሱቅ ልጆች ጋር ቆጠራ ነበረን። ጠይቂያቸው።»

ጠየቀቻቸው። እውነቷን ነው። ይዛው የመጣችው ሐሳብ እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሞተ፣ እሷም ተናድዳ ተመለሰች።

«እሺ፣ ስለ ምን ነበር የምታወሩት? ስለ ትሪፖሊ አትበዪኝ።»

«ስለ ትሪፖሊ ነው።»

«ስለ የትኛዋ?»

«ስለ እኔዋ። የሱን መች ያውቃታል።» ሶሊያና የታጠፈ ነጠላ ዘርግታ መልሳ ማጠፍ ጀመረች። «መጋዘን ውስጥ ነበር እህቴ፣ መስኮት የሌለው። ባሕሩን ያየው አንድ ቀን ነው፣ ጀልባቸው የተያዘ ዕለት። ግን ሰው ይጠይቀዋል፤ ያ ሁሉ ዓመት የት ነበርክ፣ ምን አየህ ይሉታል። ሚስቱም ትጠይቀዋለች። ምን ይበላት፣ ግድግዳ አየሁ ይበላት? ከኔ ይወስዳል። ጸደይ ሲሆን የብርቱካኑ አበባ መንገዱን እንዴት እንደሚያውደው፣ የሰዓቱን ማማ፣ ዓሣ ይዘው የሚመለሱትን። ሄዶ የራሱ አድርጎ ያወራላታል። ደስ ይላታል ይለኝ ነበር።»

«ባልሽ ይህን ያውቃል?»

«ካርታ አሳይቼዋለሁ። ይሄ ሊቢያ፣ ይሄ ሊባኖስ፣ ተገናኝተን አናውቅም አልኩት። እያየ እያየ ቆየና ምን አለኝ መሰለሽ? ባሕሩ ግን አንድ ነው አይደል?»

ሐመልማል መደርደሪያው ላይ ያሉትን ነጠላዎች አንድ በአንድ አገላበጠች። የዮፍታሔ ሥራ ያስታውቃል፤ ግራ ጠርዙ ሁሉም ላይ ላላ ይላል።

«ግራ እጁን ሊቢያ ሰብረውታል» አለች ሶሊያና። «መወርወሪያውን በዚያ በኩል ሲቀበል አያጠብቅለትም። ደንበኞች ይነጫነጫሉ። ድሮ ከዚያ ቤት የሚመጣው እንዲህ አልነበረም።»

«ድሮ መቼ?»

«እሱ ሳይመጣ። ሮሐ ነበረች የምታመጣልኝ። የባሏ አጎት ጋሽ አጥናፉ ነው የሚሠራው ትለኝ ነበር። አንድ ቀርቶኛል፣ ለራሴ ያስቀመጥኩት።»

ከጓዳ አወጣችው። ሐመልማል ግራ ጠርዙን በሁለት ጣቷ መሃል ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበችው። ቀጥ ያለ ነው። ቀኙም ቀጥ ያለ ነው። ይህን እጅ አይታዋለች፤ ከሦስት ቀን በፊት፣ ከሬሳ አጠገብ፣ ድር ላይ ተወጥሮ።

*

ወደ ታሸገው ቤት ተመልሳ አረጋገጠች። ከላላው ቦታ በታች ያለው የዮፍታሔ ነው፣ ግራው ይልፈሰፈሳል። ከላላው በላይ ያለው ክንድ ሙሉ ሥራ የሌላ ሰው ነው። ዮፍታሔ ከሶሊያና በኋላ አንድ ማግ አልመታም። ወይዘሮ መሠረት ከምሳ በኋላ ትንሽ ዝም አለ ያሉት የሞተበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጥ ያመሸው የገደለው ሰው ነው።

የቀረው ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ከቁስቋም በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ሊጀምር ሲል፣ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው። ጥላዋ ሲያርፍባቸው ቀና አሉ። ዓይኖቻቸው ወተት የፈሰሰባቸው ይመስላሉ።

«ማን ነው? ፀሐዬን የከለልሽው?»

«ከፖሊስ ነኝ ጋሽ አጥናፉ። ዓይንዎን ካመመዎ ቆየ?»

«ዮፍታሔ ሳይሄድ ነው የጠፋ። ዛሬ ዓይኔን ልታክሚኝ ነው የመጣሽ?»

«ዮፍታሔ በሌለበት ጊዜ በእርስዎ ስም ነጠላ ይሸጥ ነበር።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ታዲያ?»

«ማን ነበር የሚሸምነው?»

«ቤቱ ውስጥ ማን ነበር?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«አልነግርሽም። የወንድሜ ልጅ ሚስት ጉድጓድ ገባች ብዬ በአፌ አልልም። ስምዎን ልጠቀምበት አለችኝ፣ ተጠቀሚ አልኳት። ዳስሼዋለሁ ሥራዋን።» አውራ ጣታቸውን በጠቋሚያቸው አሹ። «እኔም በደህና ዘመኔ እንደዚያ አልሠራሁም። እንዲህ ብዬ አልነገርኳትም። እሱን ዛሬ ይቆጨኛል። በይ ፀሐዬን ልቀቂልኝ።»

ሐመልማል ዳገቱን ስትወርድ ለራሷ ሳቀች፤ ደስ ብሏት አልነበረም። ጎረቤት ሰማ፣ መሳይ ጻፈ፣ ኮማንደሩ አጸደቁ፣ እሷም ራሷ ያ ጥብቅ ሥራ የዮፍታሔ ነው ብላ ተቀብላለች። ሽመና ሲሰማ የሚሸምነው ወንድ ነው። ይህን ማንም አልጠየቀም። ሌላው ቢቀር እሷ፣ በድብቅ የሸመነችው ሴት፣ መጠየቅ ነበረባት።

*

ሮሐ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሐመልማል ለብቻዋ ላነጋግራት ስትል ሴቶቹ አጉረመረሙ። ሮሐ ግን ራሷ ተነሣች።

ወደ ቤቱ ገቡ። ሐመልማል በሩን ዘጋችና ወደ ድሩ ጠጋ አለች።

«የላላው የሶሊያና ነው» አለች። «ከሱ በታች ያለው የዮፍታሔ። ከላይ ያለው የማን ነው?»

ሮሐ ነጠላውን አየች እንጂ እሷን አላየቻትም።

«ያምራል?» አለች።

«በጣም።»

«ከሱ ይሻላል አይደል?»

«ይሻላል።»

ሮሐ ከድሩ ጎን ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሐመልማልም ጎኗ ተቀመጠች። ውጭ አንዲት ሴት ሙሾ ጀምራ፣ ሌላ ሰው ሲገባ አቋረጠችው።

«ከገበያው መለስ ስል ምሳውን በልቶ ተቀምጧል» አለች ሮሐ። «በግቢው ታችኛ በር ነው የገባሁ፣ ማንም አላየኝም። ይሄን ቡትቶ አየሁ። ማን ነው ይሄን የሠራ አልኩት። ሶሊያና ሞክራ ነው አለኝ፣ እየሳቀ። እኔ እሱ እስኪመጣ ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ተቀምጬ ቤቱን ይዣለሁ። ሲመጣ ምን አለኝ? አመሰግናለሁ፣ አሁን ተነሺ፣ ሰው ያያል። ተነሣሁ። ቀሰም ጠቅልዪ አለኝ፣ ጠቀለልኩ። እሷን ግን...»

«አስቀመጣት።»

«አስቀመጣት። ተነሣ፣ እኔ ፈትቼ ላስተካክለው አልኩት። አንቺ ከገባሽ ድሩ ይበጠሳል አለኝ። እሷስ ስትገባ አልተበጠሰም ወይ? እሷማ ትሪፖሊ ናት አለ። ቀልድ ነው ለሱ።» እጆቿን ጭኗ ላይ ዘረጋች። «ደረቱን ነው የገፋሁት። ከዚያ ላይ እንዲነሣልኝ ነው እንጂ እንዲሞት አይደለም። ድንጋዩን ረስቼው ነበር።»

«ለምን ሰው አልጠራሽም?»

«አየሁት፣ አልቋል። እዚህ ጎን አስተኛሁት። ልጮህ አፌን ስከፍት ያ የላላው ነገር ታየኝ። ሰው ሲመጣ ይሄን የመሰለ ነገር ከቤቴ ያገኛል አልኩ። ልፈታው አስቤ ነበር፤ በኋላ ተውኩት፣ ይታይ አልኩ። የሷና የኔ ጎን ለጎን ይታይ። ገባሁና ጀመርኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ።»

«እንድርያስ ሲያንኳኳ?»

«ትንፋሼን ያዝኩ። እሷን ፍለጋ መምጣቱ ገብቶኛል። በሩን ከፍቼ ላስገባው፣ ሁለታችንም ተቀምጠን እንድናለቅስ አማረኝ። ሲሄድ ዮፍታሔን ወደ ቦታው መለስኩት። ዋዜማ ሄድኩ። ጠዋት ወይዘሮ መሠረት እስኪመሽ ሲሸምን ሰምቼዋለሁ ሲሏችሁ ሰማኋቸው። እኔ እኮ አልዋሸኋችሁም፤ የሚሸምን ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«ሰውዬው በአንቺ ምክንያት አርብ ሊከሰስ ነው።»

«አውቃለሁ።» ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «ሚስቱ ትጠይቀዋለች አይደል? ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች?» አለች።

«በየቀኑ።»

«እንዲያ ነበር የምፈልገው። ስንቅ ይዛ ስትመላለስ እንዳያት።»

ሐመልማል ልትተወው ትችል ነበር። አልተወችውም፤ ለምን እንደሆነ ግን በኋላም ለራሷ ማስረዳት አልቻለችም። «ዮፍታሔ እሷ ጋ የሚሄደው ወሬ ፍለጋ ነበር። እሱ ያየው ግድግዳ ብቻ ነው። ለአንቺ የሚነግርሽ አጥቶ ከሷ ይዋስ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሱቋ ውስጥ ለደንበኛ ስታወራ ሰምቻታለሁ፤ ብርቱካኑን፣ ማማውን። ቃል በቃል እሱ የነገረኝ። ማታ ማታ ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድባት ከተማ የሷ ሆና ተገኘች።» ተነሣች፣ ጥቁር ቀሚሷን አራገፈች። «ባዶ እጁን ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። እንሂድ።»

*

ቃሏን የተቀበለው መሳይ ነው፤ መዝገቡ በእሱ ስም ስለተከፈተ። ሐመልማል ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው ጊዜ ነበር። መሳይ ተሳስቷል፣ ኮማንደሩም ያውቃሉ፣ እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። የጠበቀችውን ያህል አልጣፈጣትም።

«ሙሉ ስም» አለ መሳይ። ጻፈ። «ዕድሜ።» ጻፈ። የሚቀጥለውን ሳይጠይቅ «የቤት እመቤት» እያለ መጻፍ ጀመረ።

«ሸማኔ» አለች ሮሐ።

መሳይ ቆመ። ሐመልማልን ተመለከተ፣ ትክክል ነው ወይ እንደ ማለት።

«ሸማኔ ብለህ ጻፍ» አለችው። «ሰርዘህ ጻፍ።»

ከዚያ ወርዳ እንድርያስ የታሰረበትን ክፍል አስከፈተች። ሶሊያና ስንቅ ይዛ መጥታ ስለነበር፣ ንጹሕ ሸሚዝ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ በኮሪደሩ ተከተለቻት። እንድርያስ በሩ ሲከፈት አልተነሣም።

«ተፈትተሃል» አለችው ሐመልማል። «የገደለችው ሮሐ ናት። አንተ ስታንኳኳ ከውስጥ የነበረችው እሷ ናት። ብቻዋን።»

ሰውዬው ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የደስታም የንዴትም ምልክት ፊቱ ላይ አልታየም።

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«እሺ ሮሐ ነበረች እንበል» አለ። «ሶሊያናስ በዚያ ሰዓት የት ነበረች?»

ሐመልማል ዘወር አለች። ሶሊያና ከኋላዋ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰምታዋለች። ፌስታሉን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ሸሚዙ እንዳይጨማደድ በእጇ ዳበስ አደረገችውና ወጥታ ሄደች።